ፕሮቲን ባርን በቤት ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ማዘጋጀት

ፕሮቲን ባር በምግብ ሰዓቶች መካከል ረኀብን ለማስታገስ፣ ከስፖርት በኋላ ሰውነትን ለመጠገን ወይም መንገድ ለሚሄድ ሰው ስንቅ እንዲሆን የሚዘጋጅ፣ በእጅ ተይዞ የሚበላ መክሰስ ነው። ታሽጎ የሚሸጠው ዓይነት ዋጋው የሚወደደው በውስጡ ባለው ምግብ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ማሸጊያው፣ ማስታወቂያው፣ ለወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚደረግለት ዝግጅት እና ከወተት ወይም ከአኩሪ አተር ተጣርቶ የሚወጣው የፕሮቲን ዱቄት ሁሉም በገዢው ላይ ይደመራሉ። ባሩ በቤት ሲሠራ ሦስቱ ወጪዎች ሙሉ በሙሉ ይቀራሉ፤ አራተኛውንም ቢሆን በቀላሉ በሚገኙ ጥራጥሬዎችና በዱቄት ወተት መተካት ይቻላል። ሥራው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ፕሮቲኑ በአነስተኛ ዋጋ ከየትኛው ግብዓት እንደሚገኝ አስልቶ መግዛት፣ ሁለተኛው ደግሞ ባሩ እንዳይፈረፈር ወይም ጥርስ እስኪያስቸግር እንዳይደርቅ እርጥቡንና ደረቁን መመጠን ነው። ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው በሁለተኛው ምክንያት ስለሆነ እኔም ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

ዋጋን በፕሮቲን ግራም ማስላት

አንድ ግብዓት ርካሽ ነው ወይም ውድ ነው የሚባለው ብዙውን ጊዜ በኪሎ ዋጋው ነው። ለዚህ ሥራ ግን መለኪያው ያሳስታል፤ ምክንያቱም የምንፈልገው ክብደቱን ሳይሆን በክብደቱ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ነው። ትክክለኛው ስሌት የአንድ ኪሎውን ዋጋ በኪሎው ውስጥ ለሚገኘው የፕሮቲን ግራም ማካፈል ነው። የፕሮቲኑ መጠን በማሸጊያው ጀርባ ተጽፎ ይገኛል፤ ማሸጊያ ለሌላቸው ደግሞ የሚከተለውን ግምት መያዝ ይበቃል። በ100 ግራም ውስጥ፣ ብዙዎች ኦትስ የሚሉት የተዳመጠ አጃ 13 ግራም ያህል፣ ሰሊጥ 18 ግራም ያህል፣ የሱፍ ፍሬ 20 ግራም ያህል፣ የሽምብራ ዱቄት 22 ግራም ያህል፣ ኦቾሎኒ 25 ግራም ያህል፣ የተላጠ የዱባ ፍሬ 30 ግራም ያህል፣ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት 35 ግራም ያህል፣ ከአጓት የሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ቴምር ከ2 ግራም ብዙም አያልፍም፤ ማር ደግሞ ከ1 ግራም በታች ስለሆነ ሥራው ማያያዝና ማጣፈጥ ብቻ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ የዱቄት ወተትን ከአጃ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። 35 ለ13 ሲካፈል 2.7 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የዱቄት ወተቱ የኪሎ ዋጋ የአጃውን ሁለት እጥፍ ተኩል ቢሆን እንኳ ፕሮቲኑ ከአጃው ፕሮቲን ይረክሳል ማለት ነው። በዚሁ መንገድ፣ የፕሮቲን ዱቄት ከኦቾሎኒ ይልቅ የሚያዋጣው የኪሎ ዋጋው ከኦቾሎኒው ሦስት እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ገበያ ከመውጣት በፊት በአንዲት ወረቀት ላይ አራትና አምስት ግብዓቶችን እንዲህ ማስላት ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ባሩ በተሠራ ቁጥር ይታያል።

ይሁን እንጂ ርካሹን ፕሮቲን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። የኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ 1 ግራም ፕሮቲንና 1 ግራም ካርቦሃይድሬት እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጡ 1 ግራም ቅባት ግን 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት 100 ግራም ኦቾሎኒ ከሚሰጠው 570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ውስጥ ከፕሮቲን የሚመጣው አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ ቅባቱ ከወጣለት የዱቄት ወተት ግን ከ360 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሁለት አምስተኛ የሚጠጋው ከፕሮቲን የሚመጣ ነው። በኦቾሎኒ ብቻ የተሠራ ባር ጣፋጭና ጉልበት ሰጪ ይሆናል እንጂ ፕሮቲን ባር ለመባል አይበቃም። ሌላም ነጥብ አለ። የአጃና የኦቾሎኒ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው፣ ሰውነት በራሱ ሊሠራው የማይችል አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር) ያንሰዋል፤ ወተትና አኩሪ አተር ደግሞ በላይሲን የበለጸጉ ናቸው። ስለዚህ አጃ፣ ኦቾሎኒና የዱቄት ወተት አንድ ላይ ሲሆኑ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። እኔ ይህን ውሕድ መሠረት ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ግብዓቶችና መጠናቸው

የሚከተለው መጠን በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመጋገሪያ ትሪ የሚሞላና እያንዳንዳቸው 50 ግራም ገደማ የሚመዝኑ 15 ቁራጮች የሚወጡት ነው። 200 ግራም የተዳመጠ አጃ፣ 200 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 120 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት፣ 150 ግራም ማር፣ 60 ግራም የተላጠ የዱባ ፍሬ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው እና እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨመር አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ያስፈልጋል። የኦቾሎኒ ቅቤው ጨው ያለበት ከሆነ ሌላ ጨው አይጨመርም። መጠኑን በሚዛን መለካት ከሁሉ ይሻላል፤ በስኒ ሲለካ አጃው ጠቅጠቅ ብሎ ወይም ላላ ብሎ ስለሚገባ በሁለት ቀን ሥራ መካከል ከፍተኛ ልዩነት ይፈጠራል፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ደግሞ ባሩ ሲቆረጥ ነው።

በዚህ መጠን የተሠራ አንድ ቁራጭ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 210 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይኖረዋል። ለጤናማ አዋቂ ሰው የሚመከረው የቀን ፕሮቲን ቢያንስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንዱ ቁራጭ የቀኑን አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይሸፍናል። ታሽገው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ 20 ግራም ፕሮቲን አላቸው፤ ይህን ያህል የሚገኘው በተጣራ የፕሮቲን ዱቄት ብቻ ስለሆነ የቤቱን ባር ከእነርሱ ጋር በቁጥር ማወዳደር ተገቢ አይመስለኝም። ለመክሰስ 9 ግራም በቂ ነው።

ወጪውን ይበልጥ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው የኦቾሎኒ ቅቤውን ራሱ ማዘጋጀት ይችላል፤ ምክንያቱም ከግብዓቶቹ ሁሉ ተፈጭቶና ታሽጎ ሲሸጥ ዋጋው በጣም የሚጨምረው እርሱ ነው። ጥሬው ኦቾሎኒ በመጀመሪያ በነጭ ጨርቅ ወይም በሰፊ ትሪ ላይ ተበትኖ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የጠቆረ ወይም ሲቀመስ የሚመር ፍሬ ይጣላል፤ በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ስለሚያመነጩና መርዙም በመታመስ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ በዚህ ቦታ ላይ መሳሳት አይገባም። የተለቀመው ኦቾሎኒ በመጥበሻ ላይ በለዘብተኛ እሳት ወይም በ165 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦቭን ውስጥ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይታመሳል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲታሽ ገለፈቱ ይለቃል። ገና ሞቅ እንዳለ ብሌንደር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ ተሰብስቦ በብሌንደሩ ጎን ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዘይት ይጨምራል፤ ነገር ግን አያስፈልግም። ማሽኑን እያሳረፉ፣ ከጎኑ የተለጠፈውን በማንኪያ እየመለሱ አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ያህል መቀጠል ነው፤ ሞቅ ያለው ፍሬ የራሱን ዘይት ይለቅና በድንገት ላልቶ ከማንኪያ ላይ የሚንጠባጠብ ይሆናል።

አሠራሩ

አጃው በሰፊ መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይታመሳል። መድረሱ የሚታወቀው በቀለሙ ሳይሆን በሚሰጠው ሽታ ነው፤ የጥሬ እህል ሽታው ጠፍቶ እንደ ተቆላ ለውዝ ደስ የሚል መዓዛ መስጠት ሲጀምር ወዲያው ከመጥበሻው ወደ ሰፊ ትሪ መገልበጥ አለበት፤ መጥበሻው ላይ ከተተወ እሳቱ ቢጠፋም መታመሱን ይቀጥላል። ከቀዘቀዘ በኋላ 80 ግራሙ ተለይቶ በብሌንደር ሻከር ወዳለ ዱቄት ይለወጣል። ይህች ትንሽ ሥራ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ነገር ግን ምንም ባልተፈጨ አጃ ብቻ የተሠራ ባር በአጃዎቹ መካከል ባዶ ቦታ ስለሚቀርበት ሲነከስ ይበተናል፤ ዱቄቱ ያንን ክፍተት ይሞላል።

የዱቄት ወተቱ በወንፊት ተነፍቶ ከተፈጨውና ካልተፈጨው አጃ፣ ከዱባው ፍሬና ከጨው ጋር በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በደረቁ በደንብ ይደባለቃል። በሌላ በኩል ማሩ በትንሽ ድስት በለዘብተኛ እሳት ላይ ይጣዳል። መጀመሪያ ይቀጥናል፤ ቀጥሎ ከዳር ዳር አረፋ ይጀምራል፤ አረፋው ላዩን ሁሉ ከሸፈነው በኋላ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆጥሮ ማውረድ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 112 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ያውጣው። ማሩ ረዘም ላለ ጊዜ ከፈላ በውስጡ ያለው ውኃ ስለሚተንና ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ስለሚጠነክር ባሩ አይነከስም፤ ጭራሽ ካልሞቀ ደግሞ ልል ሆኖ ስለሚቀር ባሩ በሞቃት ቦታ ቅርጹን አይዝም። ከእሳት እንደወረደ የኦቾሎኒ ቅቤው ተጨምሮበት ወጥና አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ ይማሰላል።

ከዚህ በኋላ መታገሥ ያስፈልጋል። ድስቱን በጎኑ ሲነኩት እጅ ሳያቃጥል የሚያስችል እስኪሆን ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። እኔ በመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ የዱቄት ወተቱን በቀጥታ ገና በሚፈላው ማር ላይ ገለበጥሁት፤ ዱቄቱ ወዲያው እየተንደባለለ ምስር የሚያህሉ ጠጣር እንክብሎች ሆነ፣ ምንም ያህል ባሸው አልሟሟ አለ፣ ባሩም በላሁት ቁጥር ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። ወተቱን ከአጃው ጋር በደረቁ ማደባለቅንና ማሩን ማቀዝቀዝን ያስተማረኝ ያ ብክነት ነው።

ለብ ያለው ማርና የኦቾሎኒ ቅቤ በደረቁ ላይ ይፈሳል፤ መጀመሪያ በእንጨት ማንኪያ፣ ቀጥሎ በታጠበና በትንሹ በውኃ በረጠበ እጅ ይታሻል። የሥራው ቁልፍ መፈተሻው እዚህ ነው። ከሊጡ አንድ እፍኝ ወስዶ በኃይል መጨበጥና እጅን መክፈት ነው። የጣቶቹ አሻራ ሳይሰነጠቅ በግልጽ ታትሞ ከቀረ ልክ ነው። ከተሰነጣጠቀና ከዳር ከተፈረፈረ ውኃ በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ እየተጨመረ እንደገና ይታሻል፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ግን ውኃ መጨመር አይመከርም፤ ተጨማሪ ውኃ ባሩን ለሻጋታ ያጋልጠዋልና። መዳፍ ላይ ዘይት ካንጸባረቀና ሊጡ ቅርጹን ሳይዝ ከተዘረጋ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የኦቾሎኒ ቅቤው መቅጠን ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት መጨመር ያስተካክለዋል።

ትሪው ላይ ከጎንና ከጎኑ ተርፎ የሚወጣ የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበትና መጀመሪያ አራቱ ማዕዘኖች፣ ከዚያም መሐሉ ይጠቀጠቃል። የብርጭቆ ጠፍጣፋ ቂጥ ለዚህ ሥራ ይመቻል። እጅ እስኪደክም ሁለት ደቂቃ ያህል ሙሉ መጫን ያስፈልጋል፤ ባር የሚሰበረው አየር በታመቀበት ቦታ ነው። ከዚያ በፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ አንድ ሌሊት ቢያድር ደግሞ አጃውና ወተቱ እርጥበቱን እኩል ስለሚከፋፈሉ አቆራረጡ የተሻለ ይሆናል። ወረቀቱን ይዞ ሙሉውን ማውጣትና ረጅም ቢላ በሙቅ ውኃ እየነከሩ፣ እየጠረጉ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይስቡ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች በመጫን በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው በኩል አምስት ቦታ መክፈል ነው።

ግብዓት መቀየር

ወተት የማይስማማው ሰው በ120 ግራሙ የዱቄት ወተት ፈንታ ያንኑ ያህል የአኩሪ አተር ዱቄት መጠቀም ይችላል፤ የፕሮቲኑ መጠን ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ ወይም በደንብ የታመሰ መሆን አለበት። የሽምብራ ዱቄትም እንዲሁ የጥሬ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መታመስ አለበት። የስንዴ ዱቄትን ግን በዚህ ባር ውስጥ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ ጥሬ ዱቄት በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል ሳይጋገር አይበላም።

የፕሮቲን ዱቄት በእጁ ያለ ሰው ከአጃው 60 ግራም ቀንሶ ያን ያህል ዱቄት ቢተካ አንዱ ቁራጭ ወደ 11 ግራም ፕሮቲን ይደርሳል። እንዲህ ዓይነቱ ባር ግን በቀናት ውስጥ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የተጣራው ፕሮቲን በዙሪያው ያለውን እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው። ለዚህ መፍትሔው ማሩን ሳያፈሉ ማሞቅ ብቻ፣ ከማሩም 50 ግራሙን በተፈጨ ቴምር መተካት ነው።

ለኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ሰው ተመሳሳይ መጠን ያለው የተፈጨ የሱፍ ፍሬ ይሆናል፤ ዕቃዎቹም ኦቾሎኒ ያልነካቸው ወይም በሚገባ የታጠቡ መሆን አለባቸው። ማር ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ የዱባው ፍሬ እንዳያንቃቸው ተፈጭቶ መግባት አለበት። የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ፕሮቲን እንዲቀንስ በሐኪም የተነገረው ሰው ይህን ባር በራሱ ፈቃድ የዕለት ምግቡ ማድረግ የለበትም።

አቀማመጥ

እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ለአንድ ሳምንት፣ በፍሪጅ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በቴምር የተሠራው ግን እርጥበቱ ስለሚበዛ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከሻጋታ በፊት የሚመጣው ብልሽት ብዙውን ጊዜ የቅባቱ መበላሸት ነው፤ አሮጌ የቀለም ሽታ የመሰለ ወይም ምላስ ላይ የሚመር ጣዕም ካለው መብላት አይገባም። በፍሪዘር ውስጥ እስከ ሦስት ወር ይቀመጣል፤ የተሠራበትን ቀን በዕቃው ላይ መጻፍ መዘንጋት የለበትም። ከፍሪዘር ሲወጣ ሳይፈታ በመጠቅለያው እንዳለ ለአንድ ሰዓት ያህል መተው አለበት፤ የሚፈጠረው የውኃ ጤዛ ባሩ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ እንዲቀር ነው።